ዋጋው የት ነው? ለጀማሪ ድረ ገጽ ሠሪ የንድፍ ሀሁ

የእህቴ ልጅ ለእናቷ ሱቅ ድረ ገጽ ሠርታ ስልኳን አቀበለችኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ" አለች። እናቷ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ትሸጣለች፤ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ጋቢ፣ የልጆች ልብስ። የገጹ መደብ አረንጓዴ ነው። የሱቁ ስም ከላይ በቀይ ይብለጨለጫል፤ ከሥሩ "እንኳን ወደ ድረ ገጻችን በሰላም መጡ" የሚል ቢጫ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ይሮጣል። ሳላስበው ስቆጥር አምስት ዓይነት ፎንት አገኘሁ። ፎቶዎቹ ያማሩ ናቸው፤ ግን አንዱ ግዙፍ፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ ግራ ጥግ ተለጥፎ፣ አንዱ መሀል ቆሞ። ልጅቷ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ከየት ልጀምር እያልኩ ሳለ እህቴ ከኋላችን መጣች፤ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ "ዋጋው የት ነው?"

ልጅቷ ስክሪኑን ወደ ላይ ገፋች፣ ገፋች፣ ገፋች። "ይኸው!" ዋጋው ነበር። ከሦስት ፎቶ በታች፣ በደቃቅ ግራጫ ፊደል፣ የየትኛው ቀሚስ እንደሆነ በማይለይበት ቦታ።

መኖርና መታየት ለየቅል ናቸው። ኮድ መጻፍ የቻለ ሰው አንድን ነገር ገጹ ላይ ያኖረዋል። ንድፍ የሚባለው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፦ ምን ይቅደም፣ ምን ይከተል፣ ምንስ ጭራሽ ባይኖር ይሻላል ብሎ መቁረጥ። ያን ምሽት ቡና እየተፈላ ገጹን አፍርሰን እንደገና ሠራነው። የተነጋገርነውን እዚህ የማሰፍረው እንደ እሷ ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ ለጀመሩ፣ ወይም ዝግጁ ቴምፕሌት አውርደው "ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ግን የሆነ ነገሩ ደስ አላለኝም" ለሚሉ ሰዎች ነው።

ወረፋ

መጀመሪያ ላፕቶፑን አስዘጋኋትና ወረቀት አስመጣኋት። ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመ ገዢ በምን ተራ እንደሚጠይቅ ጻፊ አልኳት። እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው ያደገችው፤ አላመነታችም። ምን ምን አላችሁ? ይሄ ስንት ነው? በእኔ ልክ ይገኛል? የት ናችሁ? ሱቁ መቼ ተከፈተ ብሎ የጠየቀ ገዢ በሕይወቷ አላጋጠማትም። ገጿ ግን ከሰላምታው ቀጥሎ የሚናገረው ሱቁ የተከፈተበትን ዓመት ነበር።

ያ ወረቀት የገጹ ንድፍ ነው። የቀረው ተራውን ለዓይን ማሳየት ብቻ ነው። ለዚህ በእጃችን ያሉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ መጠን፣ ውፍረት፣ ቀለም፣ ቦታ፣ ዙሪያውን ያለ ባዶ ስፍራ። ጀማሪ አምስቱንም በአንድ ጊዜ ይከምራቸዋል፤ ርዕሱ ትልቅም፣ ወፍራምም፣ ቀይም፣ የተሰመረበትም፣ የሚብለጨለጭም ይሆናል። ከዚያ ሁለተኛው ነገር እንዳይበለጥ ያንኑ ልብስ ይለብሳል፤ ሦስተኛውም እንደዚሁ። ሁሉም ሲጮህ ማንም አይሰማም። እኛ ለዋጋው ያደረግንለት ጥቁርና ወፍራም ማድረግ ብቻ ነው፤ በአካባቢው ያለው ጽሑፍ ቀጭን ስለሆነ ያ በቃው።

የፊደል መጠንን በተመለከተ ለእንዲህ ያለ ገጽ ሦስት ይበቃል። እኛ ለገጹ ርዕስ 32 ፒክሰል፣ ለልብሱ ስም 22፣ ለቀረው ሁሉ 18 ወሰድን። ልዩነት ካመጣችሁ በደንብ የሚለይ ይሁን። 18 እና 19 ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢው ስህተት ይመስለዋል እንጂ ደረጃ አይመስለውም። ቀለምም እንዲሁ ነው፤ ሁለት የተቀራረቡ ሰማያዊዎች አንድ ላይ ሲውሉ ከሁለት ቤት የተገዛ ኮትና ሱሪ ይመስላሉ።

በ2006 እ.ኤ.አ. ያኮብ ኒልሰን የሚባለው የድረ ገጽ አጠቃቀም ባለሙያ የአንባቢዎችን የዓይን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታትሎ ያገኘውን አሳትሞ ነበር። ጽሑፍ የበዛበት ገጽ ላይ ዓይን መጀመሪያ የላይኛውን መስመር ይጠርጋል፣ ትንሽ ወርዶ አጠር ያለ ሁለተኛ ጥርጊያ ያደርጋል፣ ከዚያ የግራውን ጠርዝ ይዞ ቁልቁል ይንሸራተታል። ቅርጹ የእንግሊዝኛውን ኤፍ ፊደል ስለሚመስል በዚያው ስም ይጠራል። እኛም ከግራ ወደ ቀኝ አንባቢዎች ነንና ምክሩን ለአማርኛ ገጽም እወስደዋለሁ፦ ዋናውን ነገር ወደ ላይና ወደ ግራ አምጡት፤ አንቀጹንም ፍሬ ባለው ቃል ጀምሩት። "እንኳን በሰላም መጡ" ማለት ቤት ውስጥ ደግ ነገር ነው። ስልክ ላይ ግን የመጀመሪያው ስክሪን ስፋቱ የመዳፍ ያህል ነው፤ እዚያ ላይ ሰላምታ ማስቀመጥ እንግዳውን በር ላይ አቁሞ ማዋራት ነው።

ተራው መስተካከሉን ለማወቅ ምንም ሶፍትዌር አያስፈልግም። ስልኩን ክንድ ያህል አርቆ ይዞ ዓይንን ማጥበብ ነው። ፊደሉ ሲደበዝዝ ጎልቶ የቀረው ምንድን ነው? እኛ ስናጠብ የቀረው የሚብለጨለጨው ስም ብቻ ነበር።

መደብ፣ ስምርና ነጭ

ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ ሴትን እናስታውስ። ቲማቲሙን በመደብ በመደብ ትከፍለዋለች። በመደቡ ውስጥ ቲማቲሞቹ ይነካካሉ፤ በአንዱ መደብና በሌላው መካከል ግን ክፍተት አለ። ማንም ገዢ "ይቺ ቲማቲም የየትኛው ናት?" ብሎ አይጠይቅም። ይህን ነገር በ1923 እ.ኤ.አ. በጀርመን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ማክስ ቬርትሃይመር በነጥቦች አሳይቶታል፦ የተቀራረቡ ነጥቦችን አእምሮ ሳይታዘዝ አንድ ወገን ያደርጋቸዋል። ድረ ገጽ ላይ የሚሠራው ያው ሕግ ነው።

የልጅቷ ገጽ ላይ ከፎቶ እስከ ዋጋ ያለው ክፍተት ከዋጋው እስከ ቀጣዩ ፎቶ ካለው ጋር እኩል ነበር። ስለዚህ ዋጋው ከላይ ላለው ቀሚስ ይሁን ከታች ላለው አይታወቅም። ፎቶውን፣ ስሙን፣ ልኩንና ዋጋውን በ8 ፒክሰል አቀራረብናቸው፤ በአንዱ ልብስና በሚቀጥለው መካከል 40 ተውን። ሣጥን አላሰመርንም፣ ቀለም አልቀባንም። ብዙ ጀማሪ ነገሮችን ለመለየት መስመርና ሣጥን ያበዛል፤ በዘጠኝ ሣጥን የተሞላ ገጽ ከሩቅ ሲታይ መስኮት እንጂ ገጽ አይመስልም። በመጀመሪያ ክፍተትን ሞክሩ። ካቃተ መስመር አለ።

ስምር የምለው ነገሮች በማይታይ መስመር ላይ መሰለፋቸውን ነው። ይህን ከፈረንጅ መማር አያስፈልገንም። ቁም ጸሐፊ አንድ ፊደል ከማስፈሩ በፊት ብራናውን በወስፌ ዳር ዳሩን ይበሳል፣ ከብስ እስከ ብስ በደነዘ ጫፍ ያሰምራል። ቀለም የለውም፣ ቆዳው ላይ ፈለግ ብቻ ይተዋል። ፊደሎቹ ያንን ይዘው ይሰለፋሉ፤ አብዛኛው መጽሐፍ በሁለት ዓምድ፣ ግዙፉ አንዳንዴ በሦስት ይጻፋል፤ ከግርጌ ሰፊ ኅዳግ ይተዋል። ሲኤስኤስ ውስጥ ግሪድ የሚባለው ያው ወስፌ ነው። በየገጹ አንድ የግራ መስመር መርጣችሁ ርዕሱንም፣ ፎቶውንም፣ ዋጋውንም፣ አዝራሩንም እዚያ ላይ አስይዙ። ጀማሪ ሁሉንም ነገር መሀል ላይ ማድረግ ይወዳል፤ መሀል ፍትሐዊ ይመስለዋል መሰለኝ። ሁለት ሦስት ቃል ያለው ርዕስ መሀል ቢሆን ችግር የለውም። አምስት መስመር ያለው አንቀጽ መሀል ሲሆን ግን እያንዳንዱ መስመር ከተለያየ ቦታ ይጀምራል፤ ዓይን በየመስመሩ መነሻውን ይፈልጋል።

ክፍተቱን ስናሰፋ ልጅቷ ተጨነቀች። "ጋሼ፣ ባዶ ሆነ እኮ!" አለች። እህቴ ከጎኗ የተዘረጋ ነጠላ ነበራት፤ እሱን አነሳሁት። ሙሉ ነጭ ነው፤ ጥበቡ ዳሩ ላይ የአራት ጣት ስፋት ብቻ አለው። ሸማኔው ጥበቡን ነጠላው ሙሉ ላይ ቢሠራው ኖሮ ቀለሙ በዝቶ ጥበቡ ይጠፋ ነበር። ዳር ላይ ያለውን የሚያሳየው ነጩ ነው። ልጅቷ ጨርቅ ታውቃለች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ባዶ ቦታ አልተከራከርንም።

ቀለም

የገጹ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልግም። ብዙ የእኛ ድረ ገጾች፣ በተለይ በውጭ አገር ያሉ ማኅበራትና ምግብ ቤቶች የሚያሠሯቸው፣ በባንዲራ ቀለም ይጀምራሉ። ፍቅሩ ይገባኛል። ባንዲራ ግን የተሠራው ከሩቅ እንዲለይ ነው፤ ጽሑፍ እንዲነበብበት አይደለም። ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል።

የድር ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የተደራሽነት መመሪያ የጽሑፍና የመደቡ የብርሃን ልዩነት በቁጥር ይለካል። ባለሙያዎቹ ኮንትራስት ይሉታል። ነጭ በነጭ ላይ 1 ነው፤ ጥቁር በነጭ ላይ 21። ተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ይፈልጋል፤ 24 ፒክሰልና ከዚያ በላይ የሆነ ትልቅ ጽሑፍ 3 ይበቃዋል። ይህን የሚያሰሉ ነጻ ገጾች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል፤ ሁለቱን ቀለሞች ማስገባት ብቻ ነው። የልጅቷን ቀይ ጽሑፍ በአረንጓዴ መደብ ላይ ስናሰላው 1.28 መጣ። ማለትም ሁለቱ ቀለሞች በዓይነት ተለያይተው በብርሃን አንድ ሆነዋል፤ ዓይንን የሚያንቀጠቅጠው ያ ነው። ቢጫው በአረንጓዴው ላይ 4.8 ገደማ አግኝቶ አለፈ። ቢጫ በነጭ ላይ ግን 1.07 ነው፤ ጽሑፉ የለም ማለት ይቀላል። ዋጋውን የጻፈችበት ዓይነት ግራጫም በቴምፕሌቶች ዘንድ የተለመደ ሕመም ነው። ኮዱ 777777 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ 4.48 አምጥቶ በጥቂት ይወድቃል፤ 767676 ደግሞ በ4.54 ያልፋል። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም አጥቁሬ 444444 እወስዳለሁ፤ ደንበኛው ስልኩን የሚያየው እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ውስጥ ታክሲ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ቀይና አረንጓዴን የሚያምታቱ ዓይኖችም አሉ። ከአውሮፓ ዘር በሆኑ ሕዝቦች ላይ በተደረገ ቆጠራ ከ12 ወንዶች አንዱ፣ ከ200 ሴቶች አንዷ ገደማ እንዲህ ናቸው። የእኛን ቁጥር ትተን እንኳ መርሁ ይሠራል፦ ቀለም ብቻውን መልእክት አይሸከም። ያለቀ ልብስን በቀይ ነጥብ ያመለከትሽው ከሆነ አጠገቡ "አልቋል" ብለሽ ጻፊ አልኳት።

ስንት ቀለም ይበቃል? ጥቁር፣ ነጭና አንድ ግራጫ እንደ ጤፍና ውሃ ናቸው፣ አይቆጠሩም። ከዚያ በላይ አንድ የሱቁ ቀለም፣ እሱም የሚጫኑት ነገር ላይ ብቻ። ልጅቷ ከአንዱ ቀሚስ ጥበብ ላይ ጥቁር ቀይ መረጠች። "ይደውሉ" የሚለው አዝራርና ሊንኮቹ ያንን ቀለም ለበሱ። ሌላ ቦታ አላስነካናትም፤ ቀለሙ እዚህም እዚያም ከተበተነ ገዢው ምኑን እንደሚጫን አያውቅም። አረንጓዴውን መደብ ነጭ ስናደርገው ደግሞ አንድ ያላሰብነው ነገር ሆነ። ፎቶዎቹ ውስጥ ያሉት ቀሚሶች በራሳቸው ቀለም ታዩ።

ፊደላችን

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ የውጭ መጽሐፍ የማይነግራችሁ ይህ ነውና። የምናወርዳቸው ቴምፕሌቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ለላቲን ፊደል የተለኩ ናቸው። አማርኛ ስናስገባባቸው በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ይሆናሉ።

አንደኛ ነገር፣ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። ቴምፕሌቱ ማውጫውንና ንዑስ ርዕሱን በእንግሊዝኛ ትልልቅ ፊደል ለይቶ፣ መጠኑን ግን 12 ፒክሰል አድርጎት ይሆናል፤ በላቲን ይሠራል። አማርኛ ሲገባ ትልቁ ፊደል ይቀርና የደቀቀው መጠን ብቻ ይተርፋል። ለእኛ ደረጃ የሚመጣው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። ጸሐፊዎቻችን ይህን በቀይ ቀለም ነበር የሚፈቱት፤ የመጽሐፉን መክፈቻ መስመሮችና የቅዱሳንን ስም በቀይ፣ ቀሪውን በጥቁር። በመክፈቻው ገጽ አናት ላይ የሚሳለው ሐረግም ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ይጀመራል ይላል።

ኢታሊክ የሚባለው ያጋደለ ፊደልም የእኛ አይደለም። አብዛኛው የግዕዝ ፎንት ያጋደለ ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ በጉልበት ያጋድመዋል፤ ነፋስ የመታው ማሽላ ይመስላል። ቃል ለማጉላት ወፍራም ተጠቀሙ፤ ለጥቅስ የጥቅስ ምልክት ይበቃል። ወፍራሙ ላይም ጥንቃቄ ያሻል። አቢሲኒካ ኤስአይኤልን የመሰሉ ፎንቶች ውፍረታቸው አንድ ነው። ቦልድ ብላችሁ ስታዙ ብራውዘሩ ፊደሉን ራሱ ያደልበዋል፤ የመ፣ የሠ፣ የጨ፣ የቋ ዓይን ይሞላል። የእኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ በጥቃቅን ነገር ላይ ነው። ሉ እና ሊ፣ ቡ እና ቢ፣ ቱ እና ቲ የሚለዩት ቅጥያዋ ወገብ ላይ መሆኗ ወይም እግር ላይ መሆኗ ነው። ፊደሉ ሲደልብ ወይም ሲደቅ ያቺ ቅጥያ ትጠፋለች፤ አንባቢው የሚያነበው በግምት ይሆናል። ጉግል በነጻ የሚያቀርበው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ጥቁር ደማቅ ዘጠኝ ውፍረት አለው፤ ለጀማሪ ከእሱ ሌላ ምንም አያስፈልግም። አንድ ፎንት፣ ሁለት ውፍረት። አምስቱን ፎንት ስንጥል ልጅቷ አንዱን ይዛ ለቅሶ ልትቀመጥ ምንም አልቀራት፤ ፊደሉ የአበባ ጫፍ ነበረው።

መጠኑን ከ18 ፒክሰል አታሳንሱ። ብራውዘሮች በልማድ የሚጀምሩት ከ16 ነው፤ ለላቲን ይበቃል፣ ለጨ እና ለጿ ግን ያንሳል። በመስመሮች መካከል ያለውንም ቦታ ማስፋት ያስፈልጋል። የላቲን ትንንሽ ፊደሎች አብዛኞቹ አጫጭር ስለሆኑ በመስመሮች መካከል ተፈጥሯዊ አየር አለ። የእኛዎቹ ብዙዎቹ ቁመታቸው ሙሉ ነው፤ ሲደረደሩ እንደ ድንጋይ ካብ ይገጥማሉ። በሲኤስኤስ ላይን ሃይት የሚባለውን ቴምፕሌቱ 1.4 አድርጎት ከሆነ ወደ 1.7 ከፍ አድርጉት፤ ገጹ ወዲያው ይተነፍሳል። ከዚህ ምክር ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ።

የመስመር ርዝመት ላይ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ከ45 እስከ 75 ፊደል ይላሉ። አማርኛ ግን በአንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚሄድ በጥቂት ፊደል ብዙ ይናገራል፤ እኔ ከ35 እስከ 50 ይመቸኛል። ስልክ ላይ ይህ ራሱ ይመጣል። ኮምፒውተር ላይ ግን አንቀጹ ከስክሪኑ ዳር እስከ ዳር እንዳይዘረጋ ከፍተኛ ስፋት ወስኑለት።

በግራም በቀኝም አስተካክሎ መደርደርን ተዉት። ጋዜጣ ያምርበታል፤ ስልክ ላይ ግን "እንደሚያስፈልጋቸውም" የመሰለ አንድ ቃል ግማሽ መስመር ይይዛል፤ ቀጣዩ ቃል አልገባ ሲለው ወደ ታች ይወርዳል፣ የቀሩት ሁለት ቃላት ዳርና ዳር ተጎትተው መካከላቸው ጋሪ ያሳልፋል። የድሮ ጸሐፊ ይህ ችግር አልነበረበትም፤ መስመሩ ሲሞላበት ቃሉን ካለበት ይቆርጥና ቀሪውን ወደ ታች ያወርዳል፤ ቃልና ቃልን የሚለየው ሁለት ነጥብ ስለሆነ አንባቢው አይስትም። ዛሬ በሁለት ነጥቡ ፈንታ ባዶ ቦታ እንጠቀማለን፤ ብራውዘሩም የሚቆርጠው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ግራውን አስተካክሉ፣ ቀኙ እንዳሻው ይሁን።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ልማድ አለ፤ ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ መተው። ብዙ ሰው እንደዚያ ይጽፋል። ብራውዘር ግን ያንን ክፍተት እንደ መቁረጫ ያየዋል፤ መስመሩ ሲሞላ አራት ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር ወርዶ እንደ ጠፋ በግ ይቆማል። ከቃሉ ጋር አጣብቁት። ሁለት ኮሎን ደርድሮ አራት ነጥብ ማስመሰልም ይቅር፤ ትክክለኛው ምልክት በሁሉም የአማርኛ ኪቦርድ ላይ አለ።

በመጨረሻ፣ አማርኛን በፎቶ አትለጥፉ። የልጅቷ ዋጋዎች በሌላ ፕሮግራም ተጽፈው እንደ ሥዕል የገቡ ነበሩ። ልማዱ ታሪክ አለው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ጽሑፋችን ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው በላቲን ፊደል ቤት ተደብቆ ነበር፤ ፎንቱ የሌለው ሰው ሲከፍተው ትርጉም የለሽ ምልክት ያይ ነበርና በሥዕል መላክ ብቸኛው ዋስትና ነበር። ዛሬ ያ ምክንያት የለም። በሥዕል የገባ ጽሑፍ በጉግል ፍለጋ በቀላሉ አይገኝም፣ ሲያሰፉት ይደበዝዛል፣ ለዓይነ ስውር ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራምም ብዙ ጊዜ አያየውም። ዋጋ ሲቀየር ደግሞ ሥዕሉን እንደገና መሥራት ነው፤ ስለዚህ ዋጋው ሳይቀየር ይቀራል።

ፎቶና ስልክ

ፎቶ ላይ አጭር ነኝ። ሁሉንም ልብስ ከአንድ ርቀት፣ በአንድ ግድግዳ ፊት፣ በቀን ብርሃን አንሱ፤ ሁሉንም በአንድ ቅርጽ ቁረጡ። ይህ ብቻውን ገጹን የባለሙያ ያስመስለዋል። ክብደቱን ደግሞ ቀንሱ። ስልክ ያነሳው ፎቶ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ይመዝናል፤ 20 ልብስ ያለው ገጽ 80 ሜጋባይት ሊደርስ ነው። ፓኬጅ ገዝቶ የሚጠቀም ደንበኛ ቀሚስ ሳያይ ዳታው ያልቅበታል። ወርዱን ወደ 1000 ፒክሰል አውርዳችሁ ብታመቁት ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት አይበልጥም፤ ልዩነቱንም ዓይን አይለየውም።

ስልክ ላይ ጣት ከመዳፊት ቀስት ይወፍራል። አፕል ለሚነካ ነገር 44፣ ጉግል 48 መለኪያ ያህል ቁመት ይመክራሉ። የልጅቷ ስልክ ቁጥር 13 ፒክሰል የሆነ ተራ ጽሑፍ ነበር፤ አዝራር አደረግነውና ሲነኩት የሚደውል ሆነ። ቁጥሩን በ+251 አስጀመርነው፤ ለሠርግ ቀሚስ የሚያዝዙት ግማሾቹ ዋሽንግተንና ዱባይ ያሉ ናቸው፣ በ09 ቢደውሉ አይገባላቸውም። ገጽ ከስክሪን ስፋት ጋር እየታጠፈ እንዲሠራ ማድረግ በ2010 እ.ኤ.አ. ኢታን ማርኮት ስም ካወጣለት ወዲህ የተለመደ ስለሆነ ጥሩ ቴምፕሌት ይዞት ይመጣል። እኔ የምመክረው ከትንሹ መጀመር ነው። መጀመሪያ ለስልክ ሥሩ፤ ስልክ ላይ ቦታ ያጣ ነገር ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ላይም አያስፈልግም። የሚሮጠው ጽሑፍ የወደቀው በዚህ ነው። ማርኪ የሚባለው ኮዱ ራሱ በኤችቲኤምኤል 5 ጊዜው ያለፈበት ተብሎ ተሰናብቷል፤ ብራውዘሮች በትዕግሥት ያስሮጡታል እንጂ።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ገጹ እንዲህ ነበር። ነጭ መደብ፣ ከላይ የሱቁ ስም በጥቁር፣ ከሥሩ በቀጥታ ቀሚሶቹ። በእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ስሙ፣ ልኩ፣ ዋጋው። ከግርጌ አንድ ጥቁር ቀይ አዝራር። ልጅቷ ትንሽ ቅር ብሏታል፤ ሁለት ሳምንት የደከመችበት ነገር ወርዶ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ከሥራ አልቆጠረላትም። ስልኩን ለእናቷ ሰጠቻት። እህቴ መነጽሯን አላደረገችም። ክንዷን ዘርግታ ስልኩን አራቀችው፣ በአውራ ጣቷ ገፋ አደረገችው፣ ቆመች።

"ይሄ ቀሚስ 6,500 አይደለም፤ ጥበቡ ከተወደደ ወዲህ ጨምሬያለሁ" አለች። ትንሽ ገፋ አድርጋ፦ "ይሄኛው ደግሞ ከፋሲካ በፊት አልቋል። ምን ሊሠራ እዚህ ቆመ?"

ልጅቷ ላፕቶፑን መልሳ ከፈተች።